ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ አትግዙ!

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ የሌላችሁ ርዕሱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱም ይበቃኛል። ጊዜ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡና ተከራከሩኝ።

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ ስለ ጦስኝ የማይጽፍ የለም። አንዱ የሻይ ፎቶ ለጥፎ «የተፈጥሮ ስጦታችን» ይላል። ሌላው «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለኩላሊት» እያለ ይደረድራል። ሦስተኛው በእስር በእስር አሰልፎ ስልክ ቁጥሩን ያስቀምጣል። ከሥር ያለው አስተያየት ሁሉ «ዋጋ ኢንቦክስ» ነው። ፎቶውን አጉልቶ ያየ ሰው ግን ያለ አልመሰለኝም። እኔ አጉልቼ አየሁት። ጦስኙ ከነሥሩ ነው። አፈሩ እንኳ ገና አልረገፈም።

እንግዲህ ነገሬ ይሄ ነው። ከነሥሩ የተነቀለ ጦስኝ የሚገዛ ሰው የልጁን ሻይ ዛሬ ጠጥቶ እየጨረሰ ነው። ነቃዩን አይደለም የምወቅሰው። ገዢውን ነው። እናንተን፣ እኔን፣ ሆቴሉን፣ ባልትና ቤቱን።

መጀመሪያ ጦስኝ ምን እንደሆነ እንወቅ

ጦስኝ እንደ ጎመን ዛሬ ተዘርቶ ከሁለት ወር በኋላ የሚበላ አትክልት አይደለም። ብዙ ዓመት የሚኖር፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ወደ ሥሩ አካባቢ እንደ እንጨት የሚጠነክር አጭር ቁጥቋጦ ነው። የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የምታዩት «ታይም» የሚባለው የሜዲትራኒያን አገሮች ተወላጅ ነው፤ ከኛው ጋር የአጎት ልጆች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

በእኛ ደጋ ላይ የሚበቅሉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ይባላል። ስሙ የተሰጠው ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ሀገራችን ኖሮ እዚሁ ለሞተው ለጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ለሺምፐር ነው። ሁለተኛው ቲመስ ሰሩላተስ ነው፤ እሱ ወደ ሰሜኑ ከፍታ ያጋድላል። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ ጣርማበር፣ ወሎ፣ ጎንደር፣ ባሌ፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለው ብርዳማ ሜዳና ገደል ነው የጦስኝ አገሩ። ከዚህ አካባቢ ደጋ ካለቀ ከየትም አይመጣም። ዱባይ የለም። ቻይና የለም። በመርከብ አይገባም።

አሁን ስለ ሥሩ። ጦስኝን በማጭድ ወይም በመቀስ ከላይ ከላዩ ብታጭዱት፣ አረንጓዴ ቅጠል ከቀረበት ግንድ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዝናብ ካገኘ ደግማችሁ ታጭዱታላችሁ። ከነሥሩ ብትነቅሉት ግን የሚያቆጠቁጥ ነገር አይቀርም። ዘሩን ሳያራግፍ ከተነቀለ ደግሞ ልጁም አብሮት ሄደ ማለት ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ጦስኝ የሚወደው ቦታ ድንጋያማና ዳገታማ፣ አፈሩም የሳሳ ነው። ያንን ስስ አፈር ቆንጥጦ የያዘው ይኸው ደቃቃ ሥር ነው። በግንቦት ነቅላችሁ በሐምሌ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ወደ ቆላ ይወርዳል። በዓመቱ የሚጠብቃችሁ ድንጋይ ነው።

ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አይጠይቅም። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ሥሩ የተነቀለ ተክል ከምን ያቆጠቁጣል?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ይስቁባችኋል።

ሥሩ ምን ያደርግላችኋል?

እስቲ በእውነት መልሱልኝ። የጦስኝን ሥር ማን ይበላዋል? ሻይ ውስጥ ይገባል? ሽሮ ውስጥ ይፈጫል? ጠረኑ ያለው ቅጠሉና አበባው ላይ ነው። ሥሩ እንጨት ነው። ቤት ስትደርሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሥሩን ቆርጦ መጣል አይደለም እንዴ? ታዲያ ቆሻሻ ውስጥ ለሚጣል ነገር ነው ተራራው የሚራቆተው።

ከነሥሩ የሚመጣበት ምክንያት ቀላል ነው። በእጅ መንቀል ከማጨድ ይፈጥናል። እስሩም ወፍራም መስሎ ይታያል። ገዢው ደግሞ ሥር ሲያይ «ትኩስ ነው፣ ከተራራው ዛሬ የመጣ ነው» ይላል። እኛ ሥር ስላየን እየመረጥን ስለገዛን ነው ነቃዩ ሥር ይዞ የሚመጣው። ገበያ እንዲህ ነው። የገዢውን ዓይን ተከትሎ ይሄዳል።

«የድሃውን እንጀራ አትዝጋ»

ይሄ ክርክር ሁሌ ይመጣል፤ ከባዱም እሱ ነው። ጦስኝ ለቅመው የሚሸጡት ባብዛኛው እናቶችና ልጆች ናቸው። ለደብተር፣ ለጨው፣ ለዘይት ነው የሚሸጡት። እኔ «አትሽጡ» አላልኩም። «አትግዙ» ያልኩትም ጦስኝን ሳይሆን ሥሩን ነው።

እንዲያውም ድሃ አሳቢው ማነው? ዛሬ ነቅሎ ነገ አንድ ሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት ሰዓት ርቆ እንዲሄድ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ ወይስ «አጭደህ አምጣልኝ፣ ሁለት ብር እጨምርልሃለሁ» የምለው እኔ? የታጨደ ጦስኝ ለዚያች እናት በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ቦታ አለላት። የተነቀለው አንዴ ነው የተሸጠው። ላሟን አርዶ ወተት የጠጣ አለ?

ስለዚህ ጉልት ላይ ስትቀመጡ «እናቴ፣ የታጨደ የለዎትም?» በሏቸው። የለም ካሉ «በሚቀጥለው ቅዳሜ አጭደው ያምጡልኝ፣ ጨምሬ ነው የምገዛዎት» በሏቸው። ሦስት ሰው እንደዚህ ካላቸው በሳምንቱ ማጭድ ይዘው ነው የሚወጡት። እኚህ ሰዎች ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«የዱር ነው፤ እግዜር ያበቀለው አያልቅም»

ያልቃል። ወይራውንና ዝግባውን ማን አበቀለው? አለቀ አይደል እንዴ ከየሰፈራችን!

«እግዜር ያበቀለውን» አባቶቻችን እንዴት እንደያዙት ማየት የሚፈልግ መንዝ ይሂድ። የጓሳን ሜዳ ይይ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ካቀኑት ጀምሮ ሕዝቡ በራሱ ሕግ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ በቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ሰው ሁሉ ያጭዳል። ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ በኋላ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና አቆመው። ዛሬም ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ አሉ።

ልብ በሉ፤ ያ ሕዝብ ሣሩን አልተወውም። አጭዶ ተጠቅሞበታል። ግን በማጭድ ነው፤ ግን በተራ ነው። ሀብታም ስለሆነ አይደለም የጠበቀው። ልጁ ነገ ቤት እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ነው። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩት ያወቁትን እኛ ስማርት ፎን የያዝነው እንዴት አቃተን?

«ጦስኝ የማያድነው በሽታ የለም»

አሁን ወደ ላይክ ሰብሳቢዎቹ ልምጣ። እናንተ ናችሁ ተራራውን የምታስጨርሱት። ጦስኝ ጥሩ ነገር እንደሆነ አልክድም። በውስጡ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቲሞል በነጭ አዝሙድም ውስጥ አለ፤ ሁለቱ የሚቀራረብ ጠረን ያላቸው ለዚህ ነው። የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥም ይጨመራል። በላቦራቶሪ ውስጥ ተህዋስያንን የመግደል አቅም አለው። ጉንፋን ሲይዛችሁ ትኩስ የጦስኝ ሻይ ደረታችሁን ያላላል፤ ጠጡ።

ግን በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ተህዋስያን ገደለ ማለት ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር በሽታ አዳነ ማለት አይደለም። የሚለያይ ነገር ነው! «የስኳር መድኃኒቴን ትቼ ጦስኝ ጀመርኩ» የሚል አስተያየት ሥር ልብ አድርጋችሁ ማለፍ ወንጀል ነው። ሰውዬው ነገ እግሩን ቢያጣ ላይኩ አይመልስለትም። የጦስኝ ዘይት በጠርሙስ እየሸጡ «በማንኪያ ጠጡ» የሚሉትማ ጭራሽ! የተጣራ ዘይት ሻይ አይደለም፤ እጅግ የተከማቸ ነገር ነው። የሚዋጥ መድኃኒት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር እህት፣ ከሻይና ከምግብ ያለፈ ነገር ከመሞከራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

እያንዳንዷ «ያድናል» የምትል ፖስት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጦስኝ ከተራራ ታስነቅላለች። የማያድነውን ያድናል እያላችሁ የሚጠቅመውን አጠፋችሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ተከሉት! ከባድ አይደለም

መውቀስ ብቻ አይደለም ሥራዬ። መፍትሔው ጓሯችሁ ውስጥ ነው። ጓሮ የሌላችሁ በረንዳችሁ ላይ፣ ከወገቡ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ።

ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍቼ፣ ጎባ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ምንም ሰበብ የላችሁም። ደጋ ናችሁ፤ ብርዱ የጦስኝ ብርድ ነው። አዳማና ሐዋሳ ያላችሁን ግን አላታልላችሁም፤ ሙቀቱ ለደጋው ጦስኝ ይከብደዋል። እናንተ አጭደው ከሚያመጡት ግዙ።

አተካከሉ እንዲህ ነው፦

1. ያለው ጎረቤት ፈልጉ። ከዳር በኩል መሬት ለመሬት የተሳበውን ዘንግ መሃሉን በትንሽ አፈር ሸፍናችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ከሳምንታት በኋላ ከተቀበረው ቦታ ሥር ያወጣል። ያኔ ከእናቱ ቆርጣችሁ ውሰዱት። እናቲቱ ምንም አትሆንም።

2. ይህ ካልተመቸ ያላበበ ለስላሳ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ ሰኩት። ከአንድ ወር ገደማ ጥላ ውስጥ ይቆይ። አስር ብትሰኩ አምስቱ ቢጸድቅ ትርፍ ነው።

3. ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ተከሉ፤ በተክሎቹ መካከል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተዉ። ከዛፍ ሥር አትትከሉት።

4. አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። ጥቁር አፈር ከሆነ አሸዋ ቀላቅሉበት፤ መደቡን ከፍ አድርጉት። ጀሪካን ከሆነ ታቹን ብሱት። ጦስኝን ከድርቅ ይልቅ የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ሥሩ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው።

5. ሲጸድቅ ውሃ አታብዙ። የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ፍግም አታብዙበት፤ ሲጠግብ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ጠረኑ ይቀንሳል።

6. በመጀመሪያው ዓመት ታገሱት። ከዚያ በኋላ ከላይ አንድ ሦስተኛውን ብቻ በመቀስ እያጨዳችሁ ተጠቀሙ። ቅጠል አልባ እስከሆነው ደረቅ እንጨት ድረስ ዝቅ ብላችሁ አትቁረጡ፤ ከዚያ ማቆጥቆጥ ይቸግረዋል። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነውና ግንዱ ሲጠነክር ከራሱ ቆርጣችሁ አዲስ ተኩ።

«ከነሥሩ የሆነውን ገዝቼ ብተክለውስ?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ሥሩ ተበጣጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የመጣ ነው፤ ዕድል ከቀናህ ይጸድቅልህ ይሆናል። ግን የከፈልከው ብር ለሚቀጥለው ነቀላ ነው የሚሄደው። ጎረቤትህን ለምን፤ ጦስኝ አልሰጥም የሚል አበሻ አላየሁም።

ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶች፣ ጤና ጣቢያዎች ሰፊ ግቢ አላቸው። በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ ብለን እንወጣለን፤ ጥሩ ነው፤ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እወጣለሁ። ግን እኔ በወጣሁባቸው ዓመታት በመኪና ከመጣልን ችግኝ ውስጥ አንድም ቀን ጦስኝ አላየሁም። ባሕር ዛፍ ግን አላጣሁም! አገር በቀል የሚባለው ዛፍ ብቻ ነው እንዴ? መሬት ላይ የተኛው ተክል አገር የለውም?

ማእድ ቤት ውስጥም አባካኝ ነን

ብዙ ቤት ሻይ ሲፈላ አንድ እፍኝ ጦስኝ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ተወርውሮ ግማሽ ሰዓት ይንተከተካል። ቤቱ በሙሉ ይሸታል፤ ሻይው ግን ይመራል። ያ ቤቱን ያወደው ጠረን እኮ ስኒው ውስጥ መግባት የነበረበት ነው! በእንፋሎት ወጥቶ ሄደ። ውሃው ይፍላ፤ ከእሳት ይውረድ፤ ለአንድ ስኒ አንድ ሁለት ቀጭን ዘንግ ጨምሩ፤ ክደኑት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ያው ጣዕም ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል፤ የጦስኙ መጠን ግን ሩቡ ነው።

ስታደርቁትም ፀሐይ ላይ አታስጡት። በሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አድርጉት። ሲደርቅ ዘንጉን በጣታችሁ ስትጎትቱት ቅጠሉ ብቻውን ይረግፋል። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ሳይፈጭ ነው የሚቆየው፤ ፈጭታችሁ ያስቀመጣችሁት ቶሎ ጠረኑን ያጣል።

ሽሮ ሲዘጋጅ ከበሶብላውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ትንሽ ደረቅ ጦስኝ ማስገባት ለባለሙያ እናቶች አዲስ ነገር አይደለም፤ በርበሬም ላይ እንዲሁ። ትንሽ ነው ያልኩት! ደረቁ ከእርጥቡ ይከርራል፤ ከበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የተቀቀለ ድንች በቅቤ ወይም በጾም ቀን በዘይት፣ ጨውና የተፈተገ ጦስኝ ነስንሳችሁ ሞክሩት። የበግ ጥብስ ላይ ከሽንኩርቱ ጋር አስቀድማችሁ ጨምሩት፤ ሙቀት ይችላል። ከዚያ በኋላ ከሩቅ አገር የተጓዘች አቧራ የመሰለች የጠርሙስ «ታይም» ገዝቶ «የፈረንጅ ቅመም አለኝ» ማለት ያሳፍራችኋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምታችሁ የለ?

«ሀገር ስንት ችግር አለባት፣ አንተ ስለ ቅጠል ታወራለህ»

ይሄን የሚጽፍ ሰው ከአሁኑ ይታየኛል። አዎ፣ ስለ ቅጠል ነው የማወራው። የኑሮ ውድነቱን እኔ አልፈታውም። ደመወዜንም እኔ አልጨምረውም። ጦስኝ ስገዛ ግን ገንዘቡ ያለው እኔ እጅ ላይ ነው፤ የምመርጠውም እኔ ነኝ። ይህችን በእጃችን ያለች ነገር ያልጠበቅን ሰዎች ትልቁን ልንጠብቅ ነው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ጦስኝ ስትገዙ እስሩን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሥር ካለው «ይቅርብኝ» በሉ፤ የታጨደውን ጨምራችሁ ግዙ። ሆቴልና ባልትና ቤት ያላችሁ ለምታስመጡበት ሰው ዛሬውኑ ደውላችሁ «ከነሥሩ አልቀበልም» በሉት፤ የእናንተ አንድ ስልክ የእኔን መቶ ፖስት ያክላል። ይህ ክረምት ሳያልፍ ደግሞ እያንዳንዳችሁ አንድ ጀሪካን ጦስኝ ትከሉ።

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ ቅርንጫፍ የምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከግቢዬ ቆርጬ እሰጣለሁ፤ በነጻ ነው። የማትስማሙም ጻፉ፤ ስድብ ብቻ አልመልስም። ከተስማማችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ እነዚያ «ዋጋ ኢንቦክስ» የሚሉት እንዲያዩት።